ስምንት ሴንቲሜትር

ከዚራ፣ ባቡሩ ቆሞ ሐዲዱ በዛገበት፣
ከአትሊዬው ጀርባ፣ አንድ መስኮት ባላት ቤት፣
ቬንትሌተሩ ያንኑ ሙቀት ሲያመላልስ፣
ካርድ አነባለሁ፤ አቧራ ሳራግፍ፣ ሳስነጥስ።

አራት ሺህ ሠራተኛ፣ አራት ሺህ ካርቶን፣
ምስጥ የቀመሰው ጠርዝ፣ ውሃ የነካው ጎን፤
የፈረንሳይኛውን ቀለም፣ ከጎርፍ የተረፈውን፣
አስገባለሁ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ አንድ በአንድ ሰዉን፦

ስም። የአባት ስም። የተወለደበት አገር።
ቁመት። የአውራ ጣት አሻራ። ደመወዝ በብር።
ቅጣት፦ «ተኝቶ ተገኘ»፤ «ፋኖሱን ሰበረ»፤
«ለሼፉ መልስ ሰጠ»፤ «ሦስት ቀን ቀረ»።

«አንድ ሰው ወሬ ነው፤ ሺህ ሰው ነው ታሪክ፣»
ይላሉ ዶክተር ኢክራም ከሐረር በስልክ።
ስንቱ ከጉርሱም መጣ? ስንቱ ከግሪክ ደሴት?
የስንቱን ጣት ቆረጠ የፉርጎ ማያያዣ ብረት?
ስንቱ ከፋኖስ ያዥነት ደረሰ ለነጂነት?

ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፤ ትዕግሥቱ አያልቅም፦
«ሮብሌ እና ሮብሊ፣ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ ስም?»
ጋራቤድ፣ ካራፔት፤ አብዶሽ፣ አብዱላሂ፤
ጸሐፊ በሰማው ልክ ሰው ይበዛል እንዲህ።
«አዋህድ» የሚለውን እጫናለሁ። ሁለት የነበረው
አንድ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሥራዬ ይኸው ነው።

ቁጥር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰባት፦
ዋይስ ዲሪር፣ ሐዲድ ጠጋኝ፣ የአይሻ ክፍል፣ ያለ ቅጣት።
ቁመት፣ በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት፦ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት፤
በአርባ ዘጠኝ፣ በሌላ ቀለም፦ ከሰባ አራት።
ሳቅሁ። ሰው በአራት ዓመት ስምንት ሴንቲ ያጥራል?
ወይስ የአይሻ ፀሐይ እንደ ሻማ ያቀልጣል?
«የጸሐፊ ስህተት» ብዬ አጭሩን አጠፋሁ፤
ረጅሙን አስቀርቼ ወደሚቀጥለው አለፍሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጫት ከተማውን ዝም ሲያሰኝ፣
ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ሰላም አሉኝ።
«የሞቱትን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?» «የሠሩትን ነው፣» አልሁ።
«እኔ ሁለቱንም ነኝ፤ ወንበር ስጪኝ፣ ቆሜያለሁ።»

«ዋይስ ወንድሜ ነበር፤ ረጅም፣ ከበር የሚያጎነብስ፤
አይሻ ላይ ንዳድ ያዘው፤ አልጠበቀም ሐኪም እስኪደርስ።
ማክሰኞ ቀበርነው፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ድንጋይ ከምረን፤
ዓርብ ደመወዝ ነበር፤ እናቴ ዓይኔን አየች፣ እኔም ዓይኗን።
አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ቆቡን ደፋሁ። ካርዱን ያዝሁ።
ሙሴ ኒኮላ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራስ ለኩኝ፤
‹ዋይስ፣ ከስተሃል› አሉና መዶሻውን ሰጡኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ዋይስ ተብዬ ሠራሁ፤
ሚስቴም ያገባችው ዋይስን ነው፤ በስሙ ልጆች ወለድሁ።
ስሜ ጌዲ ነው። እናቴ ስትሞት የሚጠራኝ ሰው አጣሁ።»

(እዚህ የጻፍሁትም ስም የሳቸው አይደለም።)

ኮምፒውተሩን አየሁት። ማዋሃድ ነው የሚያውቀው፤
አንዱን ሰው ለሁለት የሚከፍል ቁልፍ የለው።
ዶክተር ኢክራም ጋ ደወልሁ። መስመሩ ላይ ረጅም ዝምታ።
«እንዲህ ያሉት ስንት ይሆኑ?» አሉ በኋላ፣ በዝግታ።

አዲስ ረድፍ ከፈትሁ። «ጡረታዬን ግን፣» አሉ፣ «አደራ፣
ለቢሮው እንዳትነግሪ፤ ዋይስ ነው ዛሬም የሚያበላኝ እንጀራ።»
ሰባ አራትን መለስሁ። «ስህተት» ያልሁትን ሰረዝሁ።
ለረጅሙ ወንድም ንዳዱን፣ አራት ዓመቱን፣ ማክሰኞውን ጻፍሁ።

ሊሄዱ ተነሡ። ከበሩ መቃን ጀርባቸውን አጣበቁ፤
«ለኪኝ» አሉ፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ።
ሜትር አልነበረኝም፤ የካርዶቹን ሲባጎ ፈታሁ፣
ከተረከዝ እስከ ሽበት ዘርግቼ፣ በማስመሪያ ቆጠርሁ።
አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት።
«ጻፊው፣» አሉ። «ይቺ እንኳ የራሴ ናት።»